መርዶ ላልደረሳቸው እኅቶች፦ ወደ ዩክሬን ስለሚደረግ የሴቶች አገልግሎት ጉዞ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሴቶች አገልግሎት ክፍሎች፣ እንዲሁም ለሽማግሌዎች ጉባኤዎቻቸው

ጉዳዩ፦ በዩክሬን አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚደረገው የሴቶች አገልግሎት ጉዞ አካሄዱ እንዲለወጥ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ እኅቶችና ወንድሞች፤

የጌታችን ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። በጀርመን አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምሠራ፣ በአንዲት የኢትዮጵያውያን ኅብረት ውስጥም ለዓመታት በሴቶች አገልግሎት የቆየሁ እኅታችሁ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የብርዱ ወራት ሲገባ ስድስት ሆነን ወደ ዩክሬን ሄደን፣ ዐሥር ቀን አገልግለን ተመልሰናል። “አገልግለን” የሚለውን ቃል የጻፍሁት በሪፖርታችን ላይ እንደዚያ ስለተባለ ነው፤ በእውነቱ ከዐሥሩ ቀን አብዛኛውን ያገለገሉን እነርሱ ናቸው። ከእኛ በኋላ ሌሎች ሁለት ኅብረቶች ተመሳሳይ ጉዞ ለማዘጋጀት እንደተነሡ፣ ፕሮግራሙንም ከእኛ ላይ እንደወሰዱ ሰምቻለሁ። ያ ፕሮግራም እንዳለ ከመደገሙ በፊት ያየሁትን ሳልሸፋፍን ማስቀመጥ ግዴታዬ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ወደ ዩክሬን የምትልኩት የሴቶች ቡድን አስተማሪ መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ይሂድ።

ከዩክሬን እኅቶች ጋር ያስተዋወቀን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰባችን ነው። እኛ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንጠቀምበትን የአንድ ጀርመን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከ2022 ጀምሮ ዩክሬናውያን እኅቶችና ልጆቻቸው ከእኛ በፊት ባለው ሰዓት ይሰበሰቡበታል። እነርሱ ሲወጡ፣ እኛ ስንገባ ኮሪደሩ ላይ እንገናኛለን፤ በመካከላቸው ወንድ ጥቂት መሆኑን ለማስተዋል ብዙ እሑድ አልፈጀብንም። ከየካቲት 24 ቀን 2022 ጀምሮ በታወጀው የጦርነት ጊዜ ሕግ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ከአገር እንዳይወጡ ስለተከለከሉ (በነሐሴ 2025 ከ18 እስከ 22 ዓመት ላሉት ተፈቅዷል) የተሰደደው በአብዛኛው ሴትና ሕፃን ነው። ከእነዚህ እኅቶች አንዲቱ፣ ከኪየቭ በስተደቡብ ካለች አነስተኛ ከተማ የመጣች፣ ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን የላከውን የግብዣ ደብዳቤ አመጣችልን። በደብዳቤው ስለ ትምህርት የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። “እኅቶች ይምጡልን” ይላል፣ በቃ። ይህን ያስተዋልሁት ከተመለስን በኋላ ወረቀቱን እንደገና ሳነበው ነው።

ዝግጅታችን እንዲህ ነበር። ሁለት ወር ጾምን፣ ጸለይን፤ ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ አንድ ተነሥተን መከራን በደስታ ስለ መቀበል የሚናገር፣ አምስት ክፍል ያለው ሴሚናር አሰናዳን። እያንዳንዱ ክፍል አርባ አምስት ደቂቃ ተመደበለት። በአስተርጓሚ የሚሰጥ ትምህርት ጊዜው በግማሽ እንደሚቆረጥ፣ ስብከት ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛና ወደ ወላይትኛ ሲተረጎም እያዳመጥን ያደግን ሰዎች ልናውቀው ይገባን ነበር፤ እኛ ደግሞ ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ፣ ከጀርመንኛ ወደ ዩክሬንኛ፣ ሁለት ወንዝ ነበር የምንሻገረው። ከአባላት የተሰበሰበ ያገለገለ ልብስም በአራት ትልልቅ ሻንጣ ይዘን ነበር። ደርሰን መጋዘናቸው ሲከፈት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በከረጢት የታጨቀው ከየአገሩ የመጣ ያገለገለ ልብስ ነው። አንዲት ሽማግሌ እኅት ሻንጣዎቻችንን ተቀብለው፣ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው አመሰገኑኝ፤ ዞር ስል ግን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ክምሩን ቁልቁልና ሽቅብ ሲያዩት አየሁ።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። በዩክሬን ሰማይ ከየካቲት 2022 ወዲህ የመንገደኛ አውሮፕላን ስለማይበር በፖላንድ በኩል እስከ ፕሸሚሽል ከተማ በባቡር ሄድን። የሁለቱ አገር ሐዲድ ስፋት አይገጥምም፤ የአውሮፓው 1,435 ሚሊሜትር ሲሆን የቀድሞው ሶቪየት ኅብረት 1,520 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሻንጣችንን አውርደን፣ በፓስፖርት ሰልፍ ብርድ ላይ ቆመን፣ ወደ ዩክሬን ባቡር ተሸጋገርን። ከፊታችንም ከኋላችንም የተሰለፉት ባሎቻቸውን ለጥቂት ቀን አይተው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ፤ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል።

ሴሚናሩ በደረስን ማግስት ጠዋት ተጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍል ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ። ሃያ ስምንት ሴቶች ተቀምጠው በትሕትና ያዳምጡኛል፤ ከእነርሱም ከሩብ የሚበልጡት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እንደተቀመጡ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያን ሌሊት የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ጮኾ ነበር። እኛ እንግዶቹ ምድር ቤት በተዘጋጀልን አልጋ ላይ ስንተኛ እነርሱ ልጆቻቸውን አቅፈው በየኮሪደሩ ተቀምጠው ማደራቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከምሳ በኋላ የመጋቢው ባለቤት ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ። ማድ ቤቱ ከአዳራሹ ሥር ነው፤ መብራት በተራ ስለሚጠፋ በግንባሯ ላይ በላስቲክ የሚታሰር ባትሪ አድርጋ ቀይ ሥር ትልጣለች፤ ስታናግረኝ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ግድግዳው ሙሉ በጠርሙስ የታሸገ ቲማቲም፣ ኪያርና ዱባ ነው። ቢላ ሰጥታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ጥቂት እንደቆየን ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እኔ ቢላዬን ጥዬ ተነሣሁ፤ እርሷ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ አይታ መላጧን ቀጠለች። ምድር ቤት ውስጥ ነበርንና ወዴት ልሄድ እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከዚያም፣ የምታስተምሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው አልተኛንም፤ ነገ ትምህርቱን ትታችሁ ልጆቹን ብትይዙልን ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ይተኙ ነበር፣ አለችኝ። ይህን የተናገረችው ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

በማግስቱ ልጆቹን ያዝንላቸው። ቋንቋ ስለሌለን ገመድ አዘለልናቸው፣ ድብብቆሽ ተጫወትን፤ ሴቶቹም ካፖርታቸውን ደርበው በአዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተኙ። ከዐሥሩ ቀን ለእነርሱ አንዳች ነገር ሰጠን ብዬ በድፍረት የምናገርለት የመጀመሪያው ሥራችን ይህ ነው።

ስለ መከራ ለእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ማስተማር ለምን እንዳሳፈረኝ ለመረዳት ታሪካቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ታሪኩን ያነበብሁት ግን ከጉዞው በፊት ሳይሆን በኋላ ነው። የዩክሬን ወንጌላውያን መነሻ በ1860ዎቹ በኸርሶን ግዛት የሰፈሩ ጀርመኖች ያካሂዱት የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነው። ጀርመኖቹ ጥናቱን “ሽቱንደ” ይሉት ነበር፣ “ሰዓት” ማለታቸው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው የሆኑ ዩክሬናውያን ገበሬዎች ሲከተሏቸው ሕዝቡ “ሽቱንዲስት” የሚል ስም ሰጣቸው። በ1869 ይፊም ጺምባል የተባለ ገበሬ ተጠመቀ፤ ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ሰዎች ያለ ስደት ያለፈ ትውልድ ማግኘት ይቸግራል። በሩሲያ ነገሥታት በዛሮቹ ዘመን ተግዘዋል፤ በሶቪየት ዘመን ታስረዋል፣ ልጆቻቸውን ሃይማኖት በማስተማራቸው ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶችም ነበሩ። የሶቪየት ኅብረት ወንጌላውያን ከሁሉ በዝተው ይገኙ የነበሩትም በዚህችው ዩክሬን ነው።

በ1964 የታሰሩ ምዕመናን ቤተሰቦች አንድ ምክር ቤት አቋቋሙ። ምክር ቤቱን የመሩት የኪየቯ ሊዲያ ቪንስ ናቸው፤ ባላቸውን በስታሊን ዘመን እስር ያጡ፣ መጋቢ የሆነው ልጃቸው ጌኦርጊ ቪንስም በተደጋጋሚ የታሰረባቸው እናት። የእስረኞችን ስም፣ የታሰሩበትን ቦታ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ብዛት እየዘረዘሩ ለአገሪቱ መሪዎችና ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደብዳቤ ይልኩ ነበር። በ1970፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ እርሳቸውም ታሰሩና ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ግልጽ ደብዳቤ መጻፍን ከሰው የምማር ብሆን ከእርሳቸው በተማርሁ ነበር። አሁን ያለው ጦርነትም ለብዙዎቹ በ2022 የጀመረ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 8 ቀን 2014፣ በጰንጠቆስጤ እሑድ፣ በምሥራቋ ስሎቪያንስክ ከተማ ከአምልኮ የወጡ አራት ሰዎች በታጣቂዎች ተወስደው ተገድለዋል፤ ሁለቱ የመጋቢው ልጆች፣ ሁለቱ ዲያቆናት ነበሩ። እንግዲህ እኛ ለእነዚህ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች “መከራ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?” የሚል የመወያያ ጥያቄ በባለ ቀለም ወረቀት አትመን ነው የሄድነው።

ከሁሉ ይልቅ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ጠፉት ሰዎች ነው። በዚህ ጦርነት ደብዛቸው ጠፍቶ በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩ ዩክሬናውያን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በዚያች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ባሎቻቸው የጠፉባቸው አራት ሚስቶች፣ ልጆቻቸው የጠፉባቸው ሁለት እናቶች አሉ። እንግሊዝኛውም ጀርመንኛውም ለእነዚህ ሴቶች የሚሆን ቃል ሲያጣ አይቻለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ግን አለ። መርዶ ያልደረሳቸው ናቸው። መርዶ ሲመጣ ይለቀሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋም ቢያንስ ብቻዋን አትሆንም። መርዶ ባልመጣበት ቤት ግን ለቅሶ መድረስ ሟርት ይሆናል፤ ሳይሄዱ መቅረትም ጭካኔ ነው። ስለዚህ ሰው መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። እዚያም እንደዚሁ ነው። ረቡዕ ማታ በጸሎት ጉባኤያቸው ላይ ለወደቁት ቤተሰብ መጽናናት ሲለመን ሁሉም ምን እንደሚል ያውቃል፤ ስለ ጠፉት ሲደርስ ግን የጸሎቱ ድምፅ እየወረደ ይሄዳል፤ መመለሳቸውን መለመን ከእውነት የራቀ፣ መጽናናትን መለመን ደግሞ ሰውየውን በቁሙ መቅበር እየመሰላቸው።

ከአራቱ ሚስቶች አንዲቱ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ባሏ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የለም። በየወሩ መጀመሪያ፣ ደመወዟን እንደተቀበለች፣ ከዳቦና ከመድኃኒት በፊት፣ በእርሱ የስልክ ቁጥር ሒሳብ ትሞላለች፤ ሒሳቡ ካለቀ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና። ስትሞላ አይቻታለሁ፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኳን አስቀምጣ ቁጥሩን ሳታይ በቃሏ ትጽፈዋለች። በስልክ መተርጎሚያ እያወራን ሳለ ከሁሉ የሚከብዳት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ “እምነት ይኑርሽ፣ ይመለሳል” የሚሉኝ ምዕመናን ናቸው፣ አለችኝ። ይህ ዐረፍተ ነገር፣ ከነቃሉ ማለት ይቻላል፣ በሴሚናራችን ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነበረ።

ከእኛ ቡድን በዕድሜ የምትበልጠው እኅት ሴሚናሩን ከጅምሩ አልወደደችውም ነበር፤ እኛም አልሰማናትም። አባቷ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤት ተወስደው እንደወጡ ቀርተዋል። እናቷ እስኪሞቱ ድረስ መርዶ አልደረሳቸውም፤ አላለቀሱም፣ ጥቁርም አልለበሱም። እኅታችን ይህን ለአስተርጓሚዋ ባጭሩ ነገረቻትና ሄዳ ከዚያች ሴት አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደኅና ሰዎች ነበሩ፤ ነገር የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ የሚፈልጓት እርሷን ሆነ፤ እኔን፣ አስተማሪዋን፣ ማንም አልፈለገኝም፤ ቅር ብሎኝም እንደነበር ልሸሽጋችሁ አልሻም።

ወደዚያ ለሚሄዱ እኅቶች የሚሆኑ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። በብዙዎቹ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ያገቡ ሴቶች ሲጸልዩ ራሳቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ፤ ነጠላ መያዛችን ሳናውቀው አክብሮት ሆነልን። እልልታ ግን እንዲቀር እለምናለሁ። በመጀመሪያው እሑድ መዘምራኑ በአራት ድምፅ ዘምረው ሲጨርሱ ከእኛ አንዲቱ ደስ ብሏት እልል አለች፤ የፊተኛው ወንበር ልጆች ተነሥተው ወደ ምድር ቤቱ በር ሮጡ። ድምፁ ምን እንደመሰላቸው መናገር አያስፈልገኝም። ቡናም ወስደን ነበር፤ የቡና ባህሏ የታወቀላትን የሊቪቭን ከተማ ላላት አገር ቡና መውሰድ ትንሽ ድፍረት ነው፤ ሆኖም ከፕሮግራማችን በሙሉ ምንም ሳይቀየር የጠቀመው እርሱ ብቻ ሆነ። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ አፍልቶ እስኪጠጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ማንም እንዲናገር አይገደድም። ፎቶግራፍን በተመለከተ፣ የወታደርና የጥቃት ቦታዎችን ምስል ማሰራጨት በአገሪቱ ሕግ ያስከስሳል፤ ከሕጉም በላይ፣ እያለቀሱ ያሉ ሴቶችን ፎቶ ገና እዚያው ሳለን በማኅበራዊ ገጽ መለጠፋችን አሳፍሮናል፤ አንሥተነዋል።

በየኅብረቱ የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ አገራችን ራሷ በጦርነት ስትደማ፣ የእኛም እናቶች መርዶ እየጠበቁ ሳለ፣ ዩክሬን ምን አገባን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአገር ቤት የሚላከው አንድ ዩሮ እንኳ በዚህ ጉዞ ምክንያት ሊቀነስ አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች በየሳምንቱ ኮሪደራችን ላይ የምናገኛቸው ሰዎች ቤተሰብ ናቸው። ስንቶቹ ሐኪሞቻችንና መሐንዲሶቻችን በኪየቭ፣ በካርኪቭና በኦዴሳ ተምረው እንደመጡ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በነሐሴ 2022 ከጥቁር ባሕር ወደብ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና የተነሣችው የዓለም የምግብ ፕሮግራም መርከብ ጅቡቲ ስትደርስ፣ እህሉ ለኢትዮጵያ ነበር። ይህን የማነሣው ብድር አለብን ለማለት ሳይሆን፣ በሁለቱ አገሮች መካከል መንገዱ ቀድሞም እንደነበረ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስድስት ሰው አትላኩ፤ ስድስት እንግዳ ማለት ስድስት አልጋ፣ ስድስት ሳህን፣ ለአስተናጋጆቹም ሌላ ድካም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ እናቶቻችን ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት መቀመጥ የምትችል ትሁን። ግብዣው ያልጠየቀውን ትምህርት አትጫኑባቸው፤ ትምህርት ሲፈልጉ የራሳቸው መምህራን፣ የራሳቸው ሴሚናሪዎች አሏቸው። በየዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ እየሄዳችሁ ካርታ ላይ ምልክት ከማብዛት ይልቅ ወደዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ ባሏ የጠፋባት ሴት ስሟን ለማያውቅ ሰው በድጋሚ ከመጀመሪያው ጀምራ መተረክ ሰልችቷታል። ለሻንጣ ክብደት የምንከፍለውን ገንዘብ ለአገልጋዮች ሚስቶችና ለመበለቶች ዕረፍት አውሉት፤ ከግንባሩ በራቁት የካርፓቲያ ተራሮች ጥቂት ቀን ሙሉ ሌሊት የሚተኙበት ጊዜ ማግኘት ለእነርሱ ከማንኛውም ኮንፈረንስ ይበልጣል። ሪፖርት ስትጽፉም ስንት ሰው እንዳስተማራችሁ የሚጠይቀውን ሣጥን ከቅጹ ላይ አውጡት፤ እኛ “28” ብለን ሞልተነዋል፣ ከሩብ በላይ ተኝተው ሳለ።

በመከር እሑዳቸው ከመድረኩ ፊት ዱባ፣ ጎመን፣ ድንችና የወይን ዘለላ ተደርድሮ ይመሰገናል፤ በዓሉ ያማረ ስለሆነ ብዙ ቡድኖች ለዚያ ቀን መድረስ ይወዳሉ። እኛም ቀጣዩን ጉዞ ለዚያ እሑድ ልናደርገው አስበን ለመጋቢው ባለቤት ጻፍንላት። መልሷ ሁለት መስመር ነበር። ለበዓሉ አትምጡ፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ጠርሙስ ስናሽግ ኑ፤ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ስለታም ቢላ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛዎቹ ዱባ መቁረጥ ካቆሙ ቆይተዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በጀርመን የምትገኝ እኅታችሁ